የወደቡ ብሬከር

ባሕር ዳር ያለው ልጄ ጣና ላይ በሞተር ጀልባ እንግዳ ያመላልሳል። በክረምቱ የባትሪ ቻርጀሩን በሰካ ቁጥር የወደቡ ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግረው፣ ጓደኞቹ «ዳይሬክት አድርገው» አሉት። የልጅ ልጆቼ እዚያው አጠገቡ እየዋኙ! ጨው የሌለው ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከሰው ገላ ባነሰ ነው፤ ያመለጠው ኃይል ዋናተኛውን ይመርጣል። ያ ብሬከር ደግሞ 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ የሚያቋርጥ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ኤሌክትሪሺያን ነኝና ሄድኩ። በዚያው ኤክስቴንሽን ላይ፣ ከቻርጀሩ እጅግ የበለጠ ኃይል የሚስበውን የውሃ ማፍያ ሰካሁ፤ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም። ቻርጀሩን ከባትሪው ነጥለን ብቻውን ስንሰካው ግን ወዲያው ወረደ። ነቅለን ከፈትነው፤ ገመዱ የሚገባበት ጎማ ተሰንጥቆ ውስጡ ረጥቧል፣ ሽቦውም አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል።

አዲስ እስኪገዛ ባትሪውን ከተማ ድረስ ተሸክሞ እያስሞላ ሰነበተ። ወገቡን እያሻሸ «አባዬ፣ ያንተ ነገር!» ይለኛል። ይበለኝ።