አንድ ጭብጥ ጭኮ

ለምግብ ወዳድ መንገደኛ አገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምግቡን አደባባይ አውጥቶ የሚያሳይ ነው። ወደ ጓንግዡ ለሸቀጥ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ሲያወጉ እንደምንሰማው፣ በዚያች የደቡብ ቻይና ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ሽማግሌዎች ገና በጠዋቱ ሻይ ቤት ተሰይመው፣ በእንፋሎት የበሰለውን ትንንሽ ምግብ በየቅርጫቱ እያስቀረቡ፣ ጋዜጣቸውን እያገላበጡ ረፋዱን ይገፉታል። መብላት እንደሆነ በጓንግዡ ነው የሚል አባባልም አላቸው። እንግዳው ወንበር ስቦ ከተቀመጠ የከተማዋን ግማሽ ታሪክ በምላሱ አወቀው ማለት ነው። ሁለተኛው አገር ግን ምግቡን ከጓዳ አያወጣም። ደጅ ለደጅ ቢዞሩ አይገኝም፤ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚያስገባ ሰው ካልተገኘ፣ መንገደኛው በምግቡ አጠገብ አልፎ ሳይቀምሰው ይመለሳል። ባሌ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

እናቴ የጎባ ልጅ ናት። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው እዚያ በተመደቡበት ዘመን ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ርዕሰ ከተማ ነበረች። እናቴ ከዚያ ከወጣች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል። ዛሬ የብዙ ሰው ስም ይጠፋባታል፤ አንዳንድ ቀን የእኔም ስም ከወንድሜ ስም ጋር ይምታታባታል። የጭኮ ጣዕም ግን አልጠፋባትም። በኅዳር ወር ወደ ባሌ መሄዴን ስትሰማ፣ «ሌላ ምንም አልፈልግ። ከቻልህ ጭኮ አምጣልኝ፤ ከሱቅ ሳይሆን ከሰው ቤት» አለችኝ። እንግዲህ ሌላው መንገደኛ ቀይ ቀበሮ ሊያይ ሲሄድ፣ እኔ የሄድኩት አንድ ጭብጥ ጭኮ ፍለጋ ነው።

ከአዲስ አበባ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲንሾ ይደረሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና ብርዱ ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ ይቀበላል። ከዲንሾ ትንሽ ቀደም ብሎ በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን መንጋ ከመንገዱ ዳር ሲግጥ ይታያል። ብርድ ልብስ የደረቡ ፈረሰኞችም ከመኪናው ጎን ይጋልባሉ። እኔ ግን ቀጠሮዬ ከእናቴ ከተማ ጋር ስለነበር፣ ዲንሾን ለመመለሻ አቆይቼ በሮቤ በኩል ወደ ጎባ አለፍሁ።

ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ሮቤ ስትሆን፣ ጎባ ሹመቷን ለታናሽ እህቷ አስረክባ ባሕር ዛፏ ሥር የተቀመጠች አዛውንት ትመስላለች። ሦስት ምግብ ቤት ገባሁ። በሦስቱም ጥብስ አለ፤ ሽሮ አለ፤ በያይነቱ አለ፤ ፓስታም አለ። አዲስ አበባ ካዛንቺስ ተቀምጬ የማገኘውን ሁሉ አገኘሁ። በሦስተኛው ቤት አስተናጋጇን ጭኮ እንዳላቸው ብጠይቃት ሳቀችብኝ። «ጭኮ? እሱማ የቤት ነው!» አለች። አነጋገሯ ላይ የነበረው ነገር ንቀት አይደለም። እንዲያውም ክብር ነው። የቤት የሆነ ነገር ለገንዘብ አይቀርብም ማለቷ ነበር።

በማግስቱ ሮቤ ወረድሁ። እዚያ ገበያውን ስዞር የጠየቅሁት ሁሉ መልሱ ስንዴ ነበር። ከከተማው ወጣ ሲሉም ማሳው እስከ አድማስ ድረስ ስንዴ ነው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት ምድር ነው፤ ወቅቶቹን «ገና» እና «ቦና» ይሏቸዋል (ገናው የልደት በዓሉ አይደለም)። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም እዚሁ አቅራቢያ ነው። ኮምባይነር አንድ ማሳ ገብቶ ሲወጣ፣ በማጭድ ቢሆን የስንት ሰው ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ጨርሶት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት የምንገዛው ዳቦ ከዚህ ምድር ድርሻ አለበትና፣ ስንዴውን ማማት ለእኔ ቢጤው ከተሜ አያምርበትም። ሆኖም ጭኮ ከስንዴ አይሠራም። ጭኮ የገብስ ልጅ ነው።

ስለዚህ ወደ ዲንሾ ተመለስሁ። መንገደኛ በፈረስ እየመራ የሚያድር አንድ ወጣት ጉዳዬን ቢሰማ፣ «ለዚህማ ቀበሮ ማሳደድ አያስፈልግም፤ አያቴ ቤት እንሂድ» አለኝ። ቤቱ ስንገባ ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል፤ ሙቀቱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አሮጊቷ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነውና የልጅ ልጃቸው አስተርጓሚ ሆነ። የእናቴን መልእክት ሲነግራቸው፣ መጀመሪያ የጠየቁት ስሜን አልነበረም። «እናትህ ጥርስ አላት?» አሉ። የላትም ስላቸው፣ «እንግዲያው ዱቄቱን አልሜ እነፋዋለሁ» ብለው ተነሡ።

ገብሱ አሩሶ የሚባለው የባሌ የአገር ገብስ ነበር። ተለቅሞና ተፈትጎ የተቀመጠውን በምጣድ አመሱት፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ተፈጭቶ ከተነፋ በኋላ ጨውና ኮረሪማ ነካ አደረጉበት። ከዚያ የተነጠረውን ቅቤ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ በእጃቸው ያሹት ጀመር። ሚዛን የለም፤ ሥፍር የለም። ዱቄቱ ጭብጥ ሲያደርጉት ተያይዞ ሲቀር፣ ቅቤውም በጣት መሐል ሳይንጠባጠብ ሲቆም፣ ያን ጊዜ ደርሷል። በወይራ ከታጠነ ጮጮ እርጎ ተቀዳልኝ። «ኛዱ!» አሉኝ፤ ብላ ማለታቸው ነው። ጭኮ እንደ ጣፋጭ አይጣፍጥም። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ በመጨረሻም ወዲያው የማይለቅ ሙቀት ነው። ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለፈረሰኛና ለእረኛ ስንቅ ሲሆን የኖረው በከንቱ አይደለም።

እየበላሁ ሳለ ወሬው ወደ ቁም ነገሩ ዞረ። ልጃቸው መሬቱን ለስንዴ አድርጎታል፤ ገብስ የሚዘራው ለእናቱ ሲል ከቤቱ ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ነው። «እውነቱን ነው» አሉ አሮጊቷ። «ስንዴው ልጆቹን ያስተምራል። ጭኮ ትምህርት ቤት አይከፍልም።» ምራታቸው ሥራውን ታውቅ እንደሆን ብጠይቃቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ታውቃለች፤ ግን ለመቼ?»

የቅቤውም ነገር እንዲሁ ቀላል አይደለም። የባሌ ሰው ከጥንት ጀምሮ ከብቱን በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋው ግጦሽና ሆራ እያወጣ የሚመልስበት «ጎዳንቱ» የሚባል ልማድ አለው። ያ ደጋ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው፣ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ነው። ቀይ ቀበሮ የምትኖረው በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበዛው ወገኗ ያለውም እዚሁ ነው። ከብትና ውሻ በበዙበት ቦታ ቀበሮዋ በበሽታ ታልቃለች፤ ከብቱ በወረደ ጊዜ ደግሞ ጮጮው ይደርቃል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን እውነት ይዞ በሌላው ላይ መፍረድ የሚቀለው ከሩቅ ለተቀመጠ ሰው ነው።

እንግዲህ በመዳፌ የያዝሁት ጭብጥ ጭኮ ገብስና ቅቤ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ገብሱን ስንዴ እየገፋው ነው፤ ቅቤውን የግጦሹ ጥያቄ ይዞታል። የባሌ ደጋ ክርክር ሁሉ፣ በስብሰባና በጥናት የሚባለው ሁሉ፣ በአንዲት አሮጊት መዳፍ ውስጥ ታሽቶ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የአገራችን ገብስ በዓይነቱ ብዛት አስደንቆት ዘሩን ሰብስቦ ሄዷል። እኛም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ዘር በቅዝቃዜ የሚቀመጥበት ማዕከል አለን። ዘሩ እንግዲህ ቢያንስ መጠለያ አገኘ። ቅቤው በቃ የሚለውን የእጅ ዕውቀት ግን የሚያስቀምጥ ማቀዝቀዣ እስካሁን አልተሠራም። የሚኖረው የሚበላ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና ሲወርዱ የሐረና ጫካ አለ። የጫካው ቡና ስሎው ፉድ በሚባለው የኢጣልያ ማኅበር አማካይነት ስሙ ባሕር ተሻግሯል። ቡናው ገዢ ስላገኘ ስም አገኘ፤ ስም ስላገኘም ጫካውን ለመጠበቅ አንድ ምክንያት ተጨመረ። ታዲያ ቡናው ያገኘውን ዕድል ጭኮው ለምን ይነፈጋል? ቀበሮ ለማየት ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ፓስታ በልቶ ከሚመለስ፣ ብርዱ ላይ ትኩስ ጭኮና እርጎ ቢቀርብለት፣ ምራቲቱ «ለመቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ታገኝ ነበር። ልጁም ከቤቱ ጀርባ ያለችውን የገብስ መሬት አንድ እርምጃ ያሰፋት ይሆናል። የቤት የሆነውን ነገር ክብሩን ሳይገፉ ወደ ገበያ ማውጣት ቀላል ነው አልልም፤ ግን ጓዳ ውስጥ ተከብሮ ከመሞት ይሻላል።

አሮጊቷ ጭኮውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። የተቀበሉት ከአዲስ አበባ ይዤው የነበረውን ስኳር ብቻ ነው፤ እሱም «ለእንግዳ ሻይ» ተብሎ። እናቴ ጥቂት ቀመሰችና ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ በስተቀኝና በስተግራ የነበሩ የጎባ ጎረቤቶቿን በየስማቸው ጠራች፤ አንድም አልሳተች።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ባሌ መሄድህ አይቀርም። ቀበሮውንም እይ፤ ሳነቴንም ውጣ። ስትራብ ግን የምግብ ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርገውና፣ ፈረሱን የሚመራልህን ልጅ አያት እንዳሉት ጠይቀው። ስኳር መያዝ አትርሳ።