ልጆችን ይዞ ቡና ለቀማ

በኢሉባቦር ልጆችን ይዞ ፍሬ ለቀማ መውጣት ማለት ብዙውን ጊዜ ቡና ለቀማ መውጣት ነው። ማንጎው፣ ፓፓያውና ዘይቱኑ በየጓሮው አለ። ከመቱ ወደ ጎሬ ወይም ወደ ሁሩሙና ያዮ የሚጓዝ ቤተሰብ ግን ግራና ቀኝ የሚያየው በዋንዛና በሌሎች ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የቆመ ቡና ነው። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ሲነካው በነጭ አበባ የሚሸፈነው ይኸው ቡና ከ7 እስከ 9 ወር ቆይቶ ፍሬው ይቀላል፤ ዋናው ለቀማም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው።

ለእንግዳ ዓይን ጫካ የሚመስለው ቦታ አብዛኛው ባለቤት አለው። ገበሬው በየዓመቱ ሥሩን ይመነጥራል፣ ጥላውን ያሳሳል፤ የማን ቡና የት እንደሚያበቃም ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሳይጠይቁ ገብቶ መልቀም የሰው ምርት መውሰድ ነው። ያዮ ላይ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ባዮስፌር ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን፣ እምብርቱ ለጥበቃ ብቻ የተተወ ነው። ቡና የሚለቀመው ከዚያ ውጭ ባለው ክልል ነው።

ለቀማው ለልጅ እጅ የሚመች፣ ለልጅ ትዕግሥት ግን የሚከብድ ነው። አበባው ዝናብ በጣለ ቁጥር በየተራ ስለሚፈነዳ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፍሬ አብሮ ይገኛል። የሚፈለገው ቀዩ እሸት ብቻ ነው። የበሰለው በሁለት ጣት ይዘው ትንሽ ሲያዞሩት ይለቃል፤ ያልበሰለው እንቢ ይላል። ቅርንጫፉን ጨብጦ ሙልጭ አድርጎ መግፈፍ ጥሬውን ከበሰለው ከመቀላቀሉም በላይ የመጪውን ዓመት እንቡጥ የሚይዘውን አንጓ ይጎዳል። ይህን ለልጅ ከመናገር ይልቅ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ አንጓውን ማሳየት ይሻላል።

አንዱን ቀይ ፍሬ በጣት ጫን ሲሉት ቆዳው ይፈነዳና የሚያሙለጨልጭ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ የለበሱ ሁለት ፍሬዎች ፊት ለፊት ተጣብቀው ይወጣሉ። አልፎ አልፎ አንድ ድቡልቡል ብቻ ይገኛል። ልጆች ጣፋጩን መጥጠው ፍሬውን ይተፉታል። ቡናን በዱቄትነቱና በጀበና መራራነቱ ብቻ ለሚያውቅ የከተማ ልጅ ይህ ጣፋጭነት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። የተለቀመውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ባዶውና የተበላው ይንሳፈፋል፣ ሙሉው ይሰጥማል፤ ልጆቹ ራሳቸው ሊለዩት ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ቡናው ወይ በዕለቱ ተፈልፍሎ ይታጠባል፣ ወይ ከነቆዳው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ሳምንታት ይደርቃል። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። የግማሽ ቀን ድካሙ በመጨረሻ ስንት ሲኒ እንደሚወጣው ሲሰላ ልጆች ዝም ይላሉ፤ ወላጆችም እንዲሁ።

ከመቱ አጠገብ ያለችው ቢሻሪ በዚህ ጉዞ ሳትነሣ ባትታለፍ ጥሩ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቶ ማሳዎችን ሲያጠፋ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ፍለጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ገቡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ከቢሻሪ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የቁጥሩ መነሻ 74 ዓመቱን ያመለክታል። ዛሬ ከኢሉባቦር ርቀው ሲዳማና ጉጂ ድረስ ይተከላሉ። ልጆች የሚለቅሙበት ደን ቢመነጠር ኖሮ ያ መድኃኒት ባልተገኘ ነበር።

ለጎብኚው ልጅ ጨዋታ የሆነው ለገበሬው ልጅ ግን ሥራ ነው፤ በለቀማ ወራት ከትምህርት የሚያስቀረው ጊዜም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ወላጅ ይህን ልዩነት ከልጁ መደበቅ የለበትም፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ቅርንጫፍ ሥር ሲቆሙ በግልጽ የሚታይ ነውና።

ጠዋት ጭቃ የሚችል ጫማና ረጅም ሱሪ አድርጎ መውጣት ከጉንዳንም ከጤዛም ያድናል። በጥቅምት ዝናቡ ገና ስላልራቀ ከሰዓት በፊት ጨርሶ፣ በበቾ በኩል ውኃው ገና ሙሉ ወደሆነው የሶር ፏፏቴ ማለፍ ይቻላል። የተለቀመው ለባለማሳው ይቀራል፤ ቤተሰቡ ሊወስድ ከፈለገ ተመዝኖ በዕለቱ የእሸት ዋጋ ይከፈልበታል።