ደጁን የነፈገ መኪና

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለአዲስ አበባ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። እንግዳ ሆኖ የቀረው ቋንቋው ነው።

ባለቤቱ ማለዳ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይቀርባል፤ በሩ ግን ዝም! ትልቁ ባትሪ ሌሊቱን ሲሞላ አድሯል። ነገር ግን መቆለፊያውንና ኮምፒዩተሩን የምታነቃው ባለ 12 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ናት፤ እርሷ ስትደክም ያ ሁሉ ኃይል እንደ ታሰረ ይቀራል። (የቁልፉ ክብ ባትሪ ብቻ አልቃ ቢሆን ነገሩ በቀለለ።)

ከትናንት በስቲያ በሰሌዳው ላይ ቢጫ መብራት በርቶ፣ ከሥሩም አንድ መስመር ቻይንኛ ተጽፎ ነበር። ቀይ ቢሆን ኖሮ በቆመ፤ ቢጫውን ግን ማን ያንብብለት?

በቁልፉ ሆድ በተሸሸገችው የብረት መክፈቻ በሩን ከፈተ። ጎረቤቱ ሌላ ባትሪ አምጥቶ በሽቦ ቢያገናኝለት መኪናው ነቃ፤ ያው ቢጫ፣ ያው መስመር እንደገና በራ።