ጩኸቱ ከየት ነው?

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሬዲዮ ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ኑዛዜ አለበት።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ባሕር ዳር ያለችው አጥቢያችን ወደ አሮጌው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ተመለሰች። ስብከት ከስልካቸው መስማት የለመዱ ወጣቶች ግራ ሲገባቸው፣ ትልልቆቹ ግን ብዙም አልደነቃቸውም። እኛም በልጅነታችን አባታችን ብሥራተ ወንጌልን ለመያዝ ትንፋሹን ውጦ የሬዲዮውን ቁልፍ ቀስ አድርጎ ሲያዞር አይተናል። ያ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ የተከፈተ፣ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች የነበሩት ነው። መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ስሙ ግን የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ የታክሲ ረዳቶች ዛሬም ይጠሩታል።

እናም ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ የወንጌል ፕሮግራም አብረን ማዳመጥ ጀመርን። ችግሩ ጩኸቱ ነበር። ዝዝዝ የሚል፣ የሰባኪውን ድምፅ የሚውጥ ጩኸት።

ጥፋተኛ ለማግኘት አልተቸገርንም። ከአጥራችን ጀርባ ብየዳ ቤት አለ። ቀን መብራት ስለሚቆራረጥ ባለቤቱ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ማታ ነው። ሄደን ነገርነው፤ ሳይከራከር በፕሮግራማችን ሰዓት አቆመ። ጩኸቱ ግን አልቆመም። "በሩን ዘግቶ ሌላ ማሽን እያስነሳ ነው" ተባለ፤ ማን እንዳለው አሁን ማስታወስ የሚፈልግ የለም። ለቀበሌ ደብዳቤ ጻፍን፤ ማኅተም መታንበት። ሰውየውም የማታ ሥራውን ጨርሶ ተወ።

ከኳየራችን አንዱ ወንድም አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በተማረበት ጊዜ፣ በግቢው ወዳለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ ወደሚባለው፣ ይሄድ ነበር። አማተሮች ከመላኪያና መቀበያ ሬዲዮአቸው አጠገብ ኮምፒውተር እንደሚያስቀምጡ ነገረን። ጆሮ የሚሰማው አንዱን ጣቢያ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ግራና ቀኝ ያለውን ሞገድ ሁሉ በሥዕል ያሳያል። ለዚህም ከሬዲዮው ውስጥ፣ ሞገዱ በማጣሪያ ከመጥበቡ በፊት፣ ትንሽ ይቀዳለታል። አንቴና የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮው በሚልክበት ጊዜ ኃይሉ ትንሿን መቀበያ እንዳያቃጥላት የሚለይ ማብሪያ ያስፈልጋል። እኛ ለመላክ ፈቃድ ስለሌለን ሥራችን ቀላል ነበር፤ መስማት ብቻ።

መቀበያዋ ፍላሽ የምታህል ናት፤ አርቲኤል-ኤስዲአር ይሏታል። የተሠራችው ኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ ግን ሬዲዮንም በሰፊው እንደምትቀበል ታወቀ። በአንድ ጊዜ 2.4 ሜጋኸርትዝ ያህል ስፋት ታሳያለች። ሶፍትዌሩን ከአዲስ አበባ በፍላሽ አስመጣን፤ ሽቦ ከቆርቆሮው ጣሪያ እስከ ማንጎው ዛፍ ዘረጋን። ለአጭር ሞገድ "ዳይሬክት ሳምፕሊንግ" የሚለውን መምረጥ እንዳለብን እስክናውቅ ድረስ ሁለት ምሽት ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጠናል። ላፕቶፑንም በባትሪ ብቻ ማስኬድ ተማርን፤ ቻርጀሩ ራሱ ይጮሃልና።

ሥዕሉን ፏፏቴ ይሉታል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች ስሙ ትንሽ በዛ አልን እንጂ፣ ሲያዩት እውነትም ይወርዳል፦ ከግራ ወደ ቀኝ ፍሪኩዌንሲው፣ ከላይ ወደ ታች ጊዜው፣ በቀለሙ ጉልበቱ።

መጀመሪያ ንጹሕ ሞገድ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጣና ዳር ወጣን፤ ደንገሉ ካለበት፣ ከመብራት መስመር ራቅ ካለው በኩል። ስክሪኑ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ጣቢያዎቹ እንደ ሻማ ቆመው ታዩ። ከሐይቁ ማዶ መብረቅ ሲመታ አግድም ጭረት ብልጭ ብሎ ያልፋል። "የብየዳም እንደዚህ ነው፣ አግድም ነው" አለን ወንድማችን።

ማታ በአዳራሹ ያየነው ግን አግድም አልነበረም። ቁልቁል የሚወርዱ፣ እኩል የተራራቁ፣ ትንሽ የሚወላወሉ መስመሮች ነበሩ። ወንድማችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "ፓስተር፣ ይሄ ብየዳ አይደለም፤ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ነው" አለ።

የአዳራሹን መብራት ከቆጣሪው አጠፋን። መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። መልሰን አንድ በአንድ አበራን፦ ኪቦርዱ፣ ሚክሰሩ፣ አምፕሊፋየሩ፤ ሁሉም ደህና። በመጨረሻ በመድረኩ ላይ ያሉትን የኤልኢዲ መብራቶች ስናበራ መስመሮቹ ተመለሱ።

መብራቶቹን የገዛናቸው በመባ ነው፣ መድረኩ እንዲያምር። ርካሽ ስለነበሩ ማጣሪያ የላቸውም፤ ውስጣቸው ያለው ፓወር ሰፕላይ በሰከንድ በአሥር ሺህዎች ጊዜ እየበራ እየጠፋ ይሠራል፤ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ ደግሞ አንቴና ሆኖለታል። በማቴዎስ 7 ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ስንት ጊዜ ሰብከናል። ያን ማታ ጥቅሱን የጠራ አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። መብራቱን ቀይረን ዝም እንበል የሚል ሐሳብ ተነሳ፤ "የቤተ ክርስቲያን ስም" የሚለውም ተነሳ። ያን ካነሱት መካከል ይህን የምንጽፈው እኛም ነበርንበት። አንዲት እናት፣ ቡና ልታቀርብ የገባች፣ "ስሙማ ቀበሌ ያለው ደብዳቤ ላይ ነው" ብላ ወጣች። ስብሰባው በዚሁ አለቀ።

ደብዳቤያችንን ከቀበሌ ስበን ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድን። ሰውየው ቆሞ ሰማን። ልጆቹ ፊት ይቅርታ ስንጠይቀው ፊቱን ወደ ብረቱ አዞረ። ያጣውን እንክፈልህ ስንለው፣ የማታ ሥራ በመተዉ ያመለጠውን የአንድ በር ዋጋ ነገረን፤ ስለ ሌላው ምንም አላለም። ከመባው ሳይሆን ከየኪሳችን አዋጥተን ከፈልን።

ከሳምንት በኋላ ማታ በራችንን አንኳኳ። "ያ ሥዕል ላይ የእኔ የትኛው ነው?" አለ። ከስክሪኑ ፊት አስቀመጥነው። ልጁ ወደ ብየዳ ቤቱ ሮጦ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫረ። አግድም ቢጫ ጭረት ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወደ ታች ወረደ።

"ይቺ ብቻ?" አለ።

"ይቺ ብቻ" አልነው።