ግድግዳው ላይ ማን ይቁም?

በወርቅ የተቆረቆረች ከተማ ግድግዳዋን ላሥል ስትል መጀመሪያ የሚታሰባት ይታወቃል፤ ጢማም ቆፋሪ፣ ዶማ፣ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ። የአላስካዋ ጁኖም ለቆፋሪዎቿ ባሕሩ ዳር የነሐስ ሐውልት አቁማለች። ይገባቸዋል፤ ሥራቸው አደገኛ ነበር። በ1917 ከከተማዋ ማዶ የነበረው የትሬድዌል የወርቅ ማዕድን ባሕር ገብቶበት ሲሰምጥ የሰው ሕይወት ሳይጠፋ መቅረቱ ዛሬም ይገርማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን የሚይዘኝ ግን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ያለበት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ክሪስታል ዎርል የተባለች፣ ከአገሬው ነባር ሕዝብ ከትሊንጊት የተወለደች ሠዓሊ በ2021 የመብት ታጋይዋን የኤልሳቤጥ ፔራትሮቪችን መልክ ሥላበታለች፤ ርዝመቱ ወደ 18 ሜትር ይጠጋል። ዶማ የለ፣ ገበቴ የለ። ሴትዮዋ ብቻ በትልቁ ትታያለች።

ታዲያ ይህ ከወርቅ ጋር ምን አገናኘው? በጣም እንጂ! በ1880 ሲትካ ለነበረው መሐንዲስ ለጆርጅ ፒልዝ ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ያመጣለት ካዊ የተባለ የትሊንጊት አለቃ ነበር። ፒልዝ ጆ ጁኖንና ሪቻርድ ሃሪስን ላከ። ሁለቱ መጀመሪያ ወርቁ ያለበትን ወንዝ እስከ ላይ ሳይዘልቁ ተመለሱ፤ ካዊ ግን አልተዋቸውም፣ ዳግም ይዟቸው ሄደ፤ ወርቁም ተገኘ። ከተማዋ ግን የጁኖን ስም ወሰደች። የመሀል ከተማው ባሕር ዳር አብዛኛው ክፍል ከማዕድኑ በተረፈ ድንጋይ የተደለደለ ነው፤ ጎብኚ ከመርከብ ወርዶ የሚረግጠው ካዊ ያሳየውን ተራራ ነው ማለት ይቻላል።

በ1941 ደግሞ ከከተማዋ ፊት ለፊት ካለው የባሕር ሰርጥ ማዶ፣ የትሬድዌል ማዕድን በነበረበት ደሴት ላይ ባለችው በዳግላስ፣ አንድ ማረፊያ ቤት በር ላይ «ለአገሬው ተወላጆች የተከለከለ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ወርቁን ያሳዩት ሰዎች ልጆች መሆናቸው ነው እንግዲህ! ኤልሳቤጥና ባሏ ሮይ ያንን አይተው ለአገረ ገዢው ጻፉ፤ ትግሉ የካቲት 1945 አድልዎን የሚከለክል ሕግ ሆኖ ጸደቀ። በ2020 የአሜሪካ መንግሥት መልኳን ከቁራ ምስል ጋር በ1 ዶላር ሳንቲም ላይ ቀረጸው። ሳንቲሙ ወርቅማ ነው፤ ወርቅ ግን የለበትም።

የወርቅ ቅርስ ማለት ይህም ነው። ጁኖ ውስጥ ሌላ ባዶ ግድግዳ ከተገኘ ለካዊ ይሰጥ፤ እሱ ከፊት፣ ጁኖና ሃሪስ ከኋላው ሆነው ወንዙን ሽቅብ ሲወጡ ይሣል።