ቲቸር፣ ጫት ትቅማለህ?



ስልክ የደወላችሁ፣ ኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ፣ በዚያ ሙቀት ማንጎና ብርቱካን ተሸክማችሁ ሆስፒታል ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። ደህና ነኝ። ስፌቱ ወጥቷል፣ እበላለሁ፣ አመሻሽ ላይ ከዚራ ዛፎቹ ስር ወክ አደርጋለሁ። የሐሞት ከረጢቴ ብቻ የለችም፤ እሷም ያን ያህል አልናፈቀችኝም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ኦፕራሲዮኑ በሁለት ቀን ሲራዘም ለሁላችሁም "ግፊቴ ከፍ ብሎ ነው" ብያለሁ። ግፊቴ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ለምን ከፍ እንዳለ ግን ዋጥ አድርጌ ነው ያለፍኩት። ልጆቼም ምክንያቱን የሚያውቁት ይህንን ሲያነቡ ነው። ሻይ አፍልታችሁ ቁጭ በሉ፣ ይረዝማል።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ሰሞን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ በዶሮ ወጥና በክትፎ ስፈታ፣ ሌሊት ላይ ከቀኝ ጎድኔ ስር የሆነ ነገር ቀስፎ ያዘኝ። ወደ ጀርባ ይዞራል፣ ወደ ትከሻ ይወጣል፣ ቁጭ ብል አይተወኝ፣ ብተኛ አይተወኝ። ጨጓራ መስሎኝ አንድ ሳምንት አባከንኩ። በኋላ አልትራሳውንድ ስነሳ ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ሞልቷል፤ "መውጣት አለበት" ተባልኩ። ቀጠሮ ከ11 ቀን በኋላ።

ስለ እነዚያ 11 ቀናት ነው ላወራችሁ የፈለግኩት።

ቢላዋውን አልፈራሁም። ሕመሙንም ቢሆን ለምጄዋለሁ። የፈራሁት እንቅልፉን ነው። ሰው ሊያስተኛኝ ነው፣ ከዚያ በራሴ ፈቃድ አልነቃም፣ የምነቃው ሌላ ሰው ሲፈቅድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ፊት ቆሜ ሁሉን ነገር በእጄ የያዝኩ የሚመስለኝ ሰው ነኝና ይህቺን መዋጥ አቃተኝ። ቀን ቀን የለመዳችሁኝን ሆኜ እውላለሁ። ማታ፣ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ ሲዞር እያየሁ፣ ዕዳ እቆጥራለሁ። አንድ ሌሊት ተነስቼ የዕድር ደብተሩ የት እንዳለ፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ፣ ማን ስንት ብር እንዳለበት ለባለቤቴ በወረቀት ጻፍኩላት። ጠዋት አነበበችና "አንተ፣ ልትታከም ነው ልትሞት?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰው ሊያጽናና ይመጣል። ግማሹ "ኧረ ቀላል ነው፣ ምንም አይደል" ይልና ይሄዳል። ግማሹ ደግሞ (ይህ ዓይነቱ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም) ጫማውን ሳያወልቅ "የአክስቴ ልጅ እንዲሁ ቀላል ነው ተብላ ገብታ..." ብሎ ይጀምራል። ጎረቤታችን ሐጂያ ዘምዘም ይዛ መጥታ ዱዓ አደረገችልኝ። ባለቤቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ዘምዘሙንም ጸበሉንም ጠጣሁ፤ የድሬ ሰው አይደለሁ? ለዚያች ሰዓት ቀለል ይለኛል። ማታ ቬንትሌተሩ ስር ያው ነኝ።

አንድ ነገር ሲገርመኝ ነበር። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድብን እኔ አልፈራሁም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ ጊዜ ስላልነበረ ነው። ጎረቤት ሲጎተት ትጎትታለህ፣ ልጅ ሲያቀብሉህ ትቀበላለህ። እግሬ መንቀጥቀጥ የጀመረው በማግስቱ ጠዋት ጭቃው ውስጥ ቆሜ ነው። ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም። ኦፕራሲዮን ግን ቀኑንና ሰዓቱን ካርድ ላይ ጽፎ ይሰጥሃል፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ አንድ እየቀነስክ ትጠብቃለህ።

እና ምን አደረግኩ? ቃምኩ።

ይኸው ወጣልኝ። ክፍል ውስጥ ስንቶቻችሁን በጫት ገስጫለሁ! ጉንጩ አብጦ የገባውን ልጅ "ጥርስህን አሞሃል እንዴ?" ብዬ ክፍሉን አስቄበታለሁ፤ ያ ልጅ ይህን የሚያነብ ከሆነ ይቅርታ። እኔ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ከሰዓት ከሰዓት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር። ባለቤቴ ታውቃለች። ልጆቼ አያውቁም። በእነዚያ 11 ቀናት ግን ነገሩ በርጫ መሆኑ ቀረና መድኃኒት ሆነ። ስቅም ፍርሃቱ ይርቃል፣ ምርቃናው ሲወርድ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ ስለዚህ በማግስቱ ቀደም ብዬ እቀመጣለሁ።

ደግሞ የማላውቀው ነገር ቢሆን ምን ነበረበት። ካቲኖንን እኮ ሰሌዳ ላይ ስዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ የአወዳይ ጫት መኪና በዚያ ፍጥነት የሚበረው ለዚህ ነው። ይህን ስነግራችሁ ሁላችሁም ትስቁ ነበር፣ ትዝ ይላችኋል።

የመግቢያዬ ቀን ደረሰ። አልጋ ይዤ ስቀመጥ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እጅግ ጨዋ። "እርስዎ እንዴት ነዎት?" አለኝ። ወገኖች፣ እኛ ድሬ ውስጥ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን "አንተ" ተባብለን የምንኖር ሰዎች ነን። አንድ ሰው ድንገት "እርስዎ" ካለህ ወይ ሊከስህ ነው ወይ ሊያረዳህ ነው። ልቤ ዝቅ አለች። ከዚያ የስምምነት ፎርም መጣ። ሊደርሱ የሚችሉ ነገሮች ተዘርዝረዋል፣ መጨረሻው ላይ ፊርማ። ስንት ሺህ የፈተና ወረቀት የፈረመ እጅ ስሙን ለመጻፍ ተንቀጠቀጠ።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሰመመን ሰጪዋ ገባች። ቀና ብዬ ሳይ የራሴ ተማሪ! ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ጥግ። "ቲቸር!" ብላ አቀፈችኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ወንበር ሳበችና መጠየቅ ጀመረች። አስም አለብህ? ከዚህ በፊት ሰመመን ወስደህ ታውቃለህ? የሚነቃነቅ ጥርስ አለህ? የማይስማማህ መድኃኒት? ሲጋራ? መጠጥ?

"ቲቸር፣ ጫት ትቅማለህ?"

ታላቋ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ ግርጌዬ ቆማለች። ባለቤቴ አጠገቤ ናት። ከፊቴ ደግሞ የገሰጽኳት ተማሪ።

"ኧረ እኔ?" አልኳት። "አልቅምም።"

ባለቤቴ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰመመን ሰጪዋ ጻፈች። በዚያው ቀን 7 ሰዓት ላይ ቅሜ ነበር የመጣሁት።

ልጄ ለእራት ስትወጣ ባለቤቴ አልጮኸችብኝም። "ነገ ተኝተህ ሳለ የምትጠብቅህ እሷ ናት" አለች ቀስ ብላ። "እሷን ለምን ትዋሻታለህ?" ከዚያ ጋቢዋን ተከናንባ ዝም።

ተኝቼ ስለ ኤተር አስባለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ ከአልኮልና ከሰልፈሪክ አሲድ እንዴት እንደሚሠራ ካስተማርኳችሁ በኋላ ታሪኩን እጨምርላችሁ ነበር። በፈረንጆቹ ጥቅምት 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ሞርተን የሚባል የጥርስ ሐኪም አንገቱ ላይ እብጠት ያለበትን ሰው በኤተር አስተኝቶ ሰው ሁሉ እያየ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዚያ በፊት በሽተኛው ተይዞና ታስሮ ነበር የሚቀደደው። የሎንዶኑ ሮበርት ሊስተን ዝናው እግር ቆርጦ ለመጨረስ ሦስት ደቂቃ የማይፈጅበት መሆኑ ነበር፤ የሐኪም ጥሩነት የሚለካው በፍጥነቱ ነበርና። እኔ ደግሞ እቀልዳለሁ፣ "ኤተር በ34.6 ዲግሪ ይፈላል፣ ድሬ ላይ በግንቦት ጠርሙሱን ብትከፍቱት ራሱ ይፈላላችኋል" እያልኩ። ያን ሌሊት ግን ቀልዱ ጠፋብኝ። ለዚያ ጊዜ በሽተኞች እንቅልፉ ስጦታ ነበር። እኔ ስጦታውን ፈርቼ፣ ሰጪዋን ዋሽቼ ተኝቻለሁ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለተረኛዋ ሲስተር "እባክሽ ጥሪልኝ" አልኳት። መጣች፤ ልትወጣ ስትል ነው የደረሱባት መሰለኝ፣ ቦርሳዋን ይዛለች።

"ዋሽቼሻለሁ" አልኳት።

"መቼ ነው መጨረሻ የቃምከው?"

"ዛሬ። 7 ሰዓት።"

ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ተቆጪኝ ብዬ ነበር የጠበቅኳት፣ አልተቆጣችም። "ጎሽ ነገርከኝ" ብቻ። ከዚያ እኔ ለእሷ ሳስረዳ በነበረበት ድምፅ ለእኔ ታስረዳኝ ጀመር። ልብ እየሮጠ እያለ ሰመመን ሲሰጥ ግፊት ድንገት ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል። ጫት ምግብን ሆድ ውስጥ ያዘገያል፤ እህል ከቀመስኩ ሰዓቱ ቢያልፍ እንኳ ሆዴ ባዶ ነው ብላ ማመን አትችልም። ተኝቼ እያለ ምግብ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ቢገባ አደጋው እዚያ ነው፤ ያ ሁሉ "አትብላ አትጠጣ" የሚባለውም ለዚሁ ነው። ግፊቴን ለካች፤ ቁጥሩን አልነግራችሁም። "ነገ አይሆንም" አለች።

ስትነሳ በሌሊት ሁሉ ያፈንኩትን ጠየቅኳት። "ካልነቃሁስ?"

"አይዞህ" አላለችኝም። ተመልሳ ተቀምጣ ቅደም ተከተሉን ነገረችኝ። መጀመሪያ ስምህን ይጠይቁሃል፣ ደግመው ይጠይቁሃል፣ እኔም እጠይቅሃለሁ፣ አትደንግጥ። ጣትህ ላይ መቆንጠጫ ነገር ትገባለች፣ ድምፅ ታሰማለች፣ ኦክስጅንህ ሲወርድ ድምፁ ይወፍራል፣ ሳላይ እሰማዋለሁ። መድኃኒቱ ነጭ ነው፣ ሲገባ ክንድህን ትንሽ ያቃጥልሃል፣ የተለመደ ነው። "ሐኪሙ ሆድህን ነው የሚያየው። እኔ አንተን ነው የማየው። እስክትነቃ ከራስጌህ አልነሳም።"

ከ11 ሌሊት በኋላ ያን ሌሊት ተኛሁ። ሁለቱ ተጨማሪ ቀናት ግን ቀላል አልነበሩም። ጫት ያቆመ ያውቀዋል፤ ዱካክ መጣብኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ እየጮኽኩ እነቃለሁ፣ ራሴን ያመኛል፣ ልጄ "ግፊቱ ነው?" ትለኛለች፣ "አዎ" እላታለሁ። ሐፍረቱ ከዱካኩ ይብስ ነበር። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ አሁን ግን ምን ምን እንደምፈራ አውቀዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወሰዱኝ። ክፍሌ ውስጥ ስሜን ጠየቁኝ። በሩ ላይ ስሜንና ምኔን እንደምቀደድ ጠየቁኝ። ውስጥ ደግመው ጠየቁኝ። አስቀድማ ባትነግረኝ "እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆንኩ አያውቁም እንዴ!" ብዬ ከስትሬቸሩ እወርድ ነበር። በኋላ ሳነብ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ጥገና ዝርዝር ነው። በስምንት ከተሞች ተሞክሮ፣ አንዷ የታንዛንያዋ ኢፋካራ ናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። በጥያቄ ብቻ! ስም ጠርቶ ተማሪ የሚቆጥር አስተማሪ ይህ ሊገባው ይገባ ነበር።

ነጩን መድኃኒት አየሁት፣ ወተት ይመስላል። ምኑ ነው ያነጣው አልኳት፤ መቼስ ኬሚስትሪ አይለቅም። "የአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል የሚወጣ ቅባት አለበት" አለች። ረቡዕ ነበር፤ ደግነቱ በዓለ ሃምሳ ነው። ክንዴን አቃጠለኝ፣ ልክ እንዳለችው። ቲት፣ ቲት የሚለውን ሰማሁ። "ቲቸር፣ ካቲኖንን በስንት ነበር ፈተና ላይ ያስመጣህብን?" ስትል እሰማለሁ፣ መልሱን አልጨረስኩትም።

ስነቃ ራስጌዬ ነበረች።

ልጆቼ፣ ይህን በስልክ ልነግራችሁ ሦስቴ ጀምሬ አቋርጫለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልቃምኩም፤ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ለወደፊቱ ምንም አልምልላችሁም፣ ብቻ ብትጠይቁኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ። ቀጠሮ ይዛችሁ የምትጠብቁ ደግሞ ኢንቦክስ ግቡ፣ ሌሊትም ቢሆን። የምትቅሙ ከሆነ ከሐኪማችሁ በፊት ለእኔ መለማመድ ትችላላችሁ።

ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ ሰጥተውኛል። ሰባት ናቸው፣ ቢጫ፣ ትልቁ ሽምብራ ያክላል። ሲታዩ ኮሌስትሮል ይመስላሉ፣ ኮሌስትሮል ከሆኑ ኤተር ያሟሟቸዋል። ከላብራቶሪ ትንሽ የምታስቀርልኝ የቀድሞ ተማሪ ካለህ፣ ግንቦት እስኪመጣ አትጠብቅ።