«ከመኪናሽ እንዳትወርጂ»

በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ የአሥራ አንድ ወር ልጄን ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ቀጥሎም ፊቷና ደረቷ ላይ ሽፍ አለባት። ዳላስ ውስጥ ወደምንታከምበት ክሊኒክ ስደውል ስለ ሽፍታው ተናግሬ ሳልጨርስ የነርሷ ድምፅ ተለወጠ። «እንዳትገቢ። መኪና ማቆሚያው ላይ ስትደርሺ ደውይ፤ ከመኪናሽ እንዳትወርጂ» አለችኝ።

ዶክተሯ በጓሮ በር ወጣች። ጭምብል፣ ጓንት፣ ካፖርት የመሰለ ፕላስቲክ፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በተከፈተው የመኪና በር ጎንበስ ብላ የልጄን አፍ አየች፣ ከጉሮሮዋ ናሙና ወሰደች፣ ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት እንዳንወጣ ነግራን ተመለሰች። አንድ ሰው እንኳ «እግዜር ይማራት» አላለም። ደሜ ፈላ። እኛ አገር ለማኝም ቢሆን በር ላይ እንዲህ አይመለስም እያልኩ ነበር ወደ ቤት የነዳሁት።

ማታ እናቴ ዘንድ መተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ደወልኩ። እናቴ ስለ መኪናው የሰማች አልመሰለኝም።

«ዘጠኝ ወሯ አልፎ የለ እንዴ? ለኩፍኝ አልተከተበችም?»

«እዚህ ዓመት ሲሞላት ነው የሚሰጠው፣ እማ።»

«ኤዲያ! አሜሪካ እያላችሁ የምትኮሩት ይሄንኑ ነው?»

በዚህ እንኳ ኩራቱ የእሷ ነው። በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይጀምራል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። አሜሪካ የመጀመሪያውን ከ12 እስከ 15 ወር፣ ሁለተኛውን ከ4 እስከ 6 ዓመት ትሰጣለች። ከእናት የተወረሰው መከላከያ ከልጁ ሰውነት ሲጠፋ ክትባቱ የተሻለ ስለሚይዝ፣ በሽታው ብርቅ የሆነበት አገር መቆየት ይችላል። ኩፍኝ በየጊዜው በሚመላለስበት አገር ግን መቆየት ልጅ ያስከፍላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ኩፍኝን ከምድሯ አጥፍቻለሁ ብላ አውጃ ነበር። የኔ ልጅ በታመመች ሰሞን ግን ምዕራብ ቴክሳስ በኩፍኝ እየታመሰ ነበር፤ ወረርሽኙ በነሐሴ አበቃ እስኪባል ድረስ በቴክሳስ ብቻ 762 ሰው ተመዝግቧል፣ ያልተከተቡ ሁለት ልጆችም ሞተዋል። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ያን ያህል የደነገጡት ለካ በምክንያት ነው።

እናቴ ቀጠለች። ጨለም ያለ ክፍል አስተኚያት፣ ቡና አፍይላት፣ ከፀሐይ የመጣ ሰው እንዳይገባባት፣ ውኃ እንዳይነካት፣ መርፌ የሚባል እንዳታስወጊያት። ምክሩን ሁሉ እንደ ድሮው ወግ ልሰማና ላልፈው ነበር፤ አንድ ነገር ግን ያዘኝ። ከመንገድ የመጣ ሰው አይግባ ማለት እኮ ያው መለየት ነው! ልዩነቱ ማን ከማን ይጠበቃል በሚለው ላይ ነው። የእናቴ ደጃፍ የሚዘጋው ታማሚዋን ከመጪው ለመጠበቅ ሲሆን፣ የክሊኒኩ ደግሞ መጪውን ከታማሚዋ። ቫይረሱ ያሳለ ሰው ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። መከላከያ ከሌላቸው አሥር ሰዎች ታማሚው አጠገብ የቆዩ ዘጠኙ ይያዛሉ። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላም እስከ አራት ቀን ይተላለፋል። እኔ ልጄን ታቅፌ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ብቀመጥ ኖሮ እዚያ የነበረ የሁለት ወር ሕፃን ምን ይውጠው ነበር?

የእናቴም ጨለማ ክፍል ቢሆን ከንቱ አይደለም። ኩፍኝ ዓይን ያቀላል፣ ብርሃን ያስጠላል። ግን የእኛን ቆላ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ጋቢ ደራርቦ፣ በር ዘግቶ፣ ዕጣን አጭሶ ማስተኛት፣ የሚያስለውን ደረት በጭስ ማፈን ነው። ልጁ ቀለል ያለ ልብስ፣ ነፋሻ ጥላ፣ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ ቶሎ ቶሎ መጠጣትና ጡት ነው የሚያስፈልገው። ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ ይበጠበጥለታል። ሐኪም ያዘዘው መርፌ ኩፍኙን ወደ ውስጥ አይመልሰውም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም፣ ልጅ የሚወስዱት የሳንባ ምችና ተቅማጥ ግን ይታከማሉ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ ቡናው ይቅርና ወደ ጤና ጣቢያ።

እዚያ ሲደርስ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ፣ መጠኑ እንደ ዕድሜው። ዓይን የሚያድነው እሱ ነው። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ አንዳንድ ወላጆች ይህንኑ ቫይታሚን በክትባት ፈንታ ከልክ በላይ ሰጥተው በልጆቻቸው ጉበት ላይ የመጎዳት ምልክት ታይቷል። ስለዚህ አጉል እምነት የቆላ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ስለ መተማ ስናወራ ደግሞ ወቅቱን መርሳት አይቻልም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሰው፣ ሳሉግ የሚባለው የእርሻ ሠራተኛ፣ ልጅ አዝላ የምትመጣዋ ምግብ አብሳይ፣ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ያድራል። ልጁ ደጋ የጀመረውን ክትባት ቆላ ላይ ማን ይጨርስለታል? እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በመተማ ዮሐንስ በኩል ስንቱ ልጁን ይዞ ተሻገረ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወደ ሱዳን የተሻገሩ የአገራችን ሰዎች በወድ ኮውሊ ካምፕ ልጆቻቸውን በኩፍኝ ነው የቀበሩት። እናቴ የኩፍኝን ስም ዝቅ ባለ ድምፅ የምትጠራው ያለ ነገር አይደለም።

የልጄ ውጤት ሌላ ቀላል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ ተመስገን። ዓመቷን እንደደፈነች አስከተብኳት። ልጃችሁን ይዛችሁ አገር ቤት ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ስድስት ወር ከሞላው ቀደም ያለ ክትባት ይሰጠው ዘንድ ጠይቁ። ከዓመቱ በፊት የተወጋው ስለማይቆጠርለት በኋላም ሁለቱን ይወስዳል።

ከእናቴና ከክሊኒኩ መንገድ የቱ ይሻላል ብትሉኝ ግን አሁንም እወላውላለሁ። በሩ መዘጋቱን ተቀብያለሁ፤ ሰው ማጣቱን ግን አልተቀበልኩትም። ደግሞም አስቡት፦ እናቴና የቡና ጓደኞቿ ክትባት አገራችን ሳይደርስ ያደጉ፣ አብዛኞቹም ኩፍኝን በልጅነታቸው አውጥተው የጨረሱ ሴቶች ናቸው። ኩፍኝ አንዴ ከያዘ ዳግመኛ አይመለስም ማለት ይቻላል። እንግዲያው ታማሚ ልጅ ዘንድ የሚቀመጡት እነሱ ይሁኑ፤ ያልተከተበ ሕፃን አዝላ የመጣችዋ ጎረቤት ግን ስኒዋን ተቀብላ ደጅ ትጠጣ። እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?» አለችኝ። ያለችው ሌላ ነበር፤ ቢሆንም አልተከራከርኳትም።